«ግማሽ ታንክ» ወይስ «ከፊል ባለሰንሰለት»፦ ስለ አንድ አሮጌ የጦር ተሽከርካሪ ስያሜና ስለ ክፍሎቹ

በቅርቡ አንድ የትርጉም ረቂቅ ለቃላት እርማት ቀርቦልን ነበር። የረቂቁ ጉዳይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠሩ፣ ከፊት በጎማ ከኋላ በሰንሰለት የሚሄዱ የጦር ተሽከርካሪዎችን ዓይነታቸውን ለይቶ ስለማወቅ፣ የዛጉትንም ወደ ቀድሞ ይዞታቸው ስለመመለስ ነው። ተርጓሚው አማርኛው የቀና፣ ዐረፍተ ነገሩም የማያደናቅፍ ነው። ሆኖም ያው አንድ ተሽከርካሪ በመጀመሪያው ገጽ «ታንክ»፣ በሦስተኛው «ብረት ለበስ መኪና»፣ ወረድ ብሎም «ግማሽ ታንክ» ተብሎ ተጽፎ አገኘነው። ዋናውን ጽሑፍ ያላየ አንባቢ ስለ ሦስት ልዩ ልዩ መሣሪያዎች የሚያነብ ይመስለዋል። ከዚህም የከፋው፣ መመሪያው በሙሉ የተጻፈው አንዱን ተሽከርካሪ ከመሰሉ ለመለየት ሆኖ ሳለ፣ በትርጉሙ ውስጥ መለያ ምልክቶቹ ራሳቸው ጠፍተው መገኘታቸው ነው። ስለዚህም ጉዳይ ያደረግነውን ምርመራ ለሥራ ባልደረቦቻችንና ለተርጓሚዎች ማቅረብ ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል።

በመሠረቱ ይህ ተሽከርካሪ የሁለት ነገሮች ድቅል ነው። ፈረንሳዊው አዶልፍ ኬግሬስ በሩሲያው ንጉሠ ነገሥት በዳግማዊ ኒኮላስ የመኪና ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ፣ መኪናው በበረዶ ላይ እንዲሄድ የኋላ ጎማዎቹን አንሥቶ በምትካቸው ከጎማ የተሠራ ዙሪያ ገጠም ቀበቶ አደረገለት። ከሩሲያ አብዮት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ይህንኑ ዘዴ ለሲትሮየን ፋብሪካ አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ1922 መጨረሻ ተነሥተው በ1923 መጀመሪያ ሰሐራን አቋርጠው ቲምቡክቱ የገቡት መኪናዎች በዚህ ዘዴ የሚሄዱ ነበሩ። አሜሪካኖች የሲትሮየንን ናሙና ገዝተው ከመረመሩ በኋላ የራሳቸውን ሠሩ፤ ኤም 2፣ ኤም 3፣ ኤም 5 እና ኤም 9 በመባል የሚታወቁት ከዚህ የመጡ ናቸው። ጀርመኖችም በሌላ መንገድ ሄደው በ251 ቁጥር የሚታወቀውን እግረኛ ጦር ጫኝና መድፍ ጎታቾቹን አወጡ። ዓላማው አንድ ነው፦ በጥርጊያ መንገድ እንደ ካሚዮን መፍጠን፣ በጭቃና በአሸዋ ደግሞ እንደ ታንክ አለመስመጥ። ከጦርነቱ በኋላ ሙሉ በሙሉ በሰንሰለት የሚሄዱት እግረኛ ጫኞች ቦታውን ስለ ወሰዱበት፣ ዛሬ ይህ ዓይነት ተሽከርካሪ በአብዛኛው የሚገኘው በሙዚየሞችና በአሮጌ መሣሪያ ሰብሳቢዎች እጅ ነው።

እንግዲህ «ታንክ» የሚለው ስያሜ ለምን በቀላሉ ተርጓሚው ብዕር ላይ እንደ መጣ ማስተዋል አያስቸግርም። በአማርኛ «ታንክ» ከመነሻው ጀምሮ ሰፊ ቃል ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ደምበጒና ላይ የማረካቸውና ከጥቅም ውጭ ያደረጋቸው የኢጣልያ ተሽከርካሪዎች ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ የሚዞር ማማ የሌላቸው፣ ክብደታቸውም ሦስት ቶን ያህል የሆነ ትንንሽ ነገሮች ነበሩ። ባለቤቶቹ «ካሮ ቬሎቼ»፣ ማለትም ፈጣን ጋሪ ይሏቸዋል። አማርኛው ግን ያለ ማመንታት «ታንክ» አላቸው፤ በብረት ተሸፍኖ በሰንሰለት የሚሄድ ሁሉ ታንክ ነውና። በአንጻሩ «ብረት ለበስ» የሚለው ስያሜ የሚናገረው ስለ ልብሱ እንጂ ስለ እግሩ አይደለም። በስድስት ጎማ የሚሄደው የሶቪየቱ ቢቲአር 152 ብረት ለበስ ነው፤ ሰንሰለት ግን የለውም። መድፍ ለመጎተት የተሠራው የጀርመኖቹ ባለሰንሰለት ደግሞ በአብዛኛው ብረት አልለበሰም። ልብስና እግር ሁለት የተለያዩ መለያዎች ስለሆኑ አንዱ የሌላውን ቦታ መውሰድ አይገባውም። ስሕተቱ የተጀመረው ከዚህ ላይ ነው።

ሌሎች ቋንቋዎች ስያሜውን ከእግሩ ነው የወሰዱት። ይሁንና እግሩን ያዩበት ዓይን ይለያያል። ጀርመንኛ «ኬተ» ሲል ሰንሰለት ማለቱ ነው፤ ተሽከርካሪውን «ሃልብኬተንፋርጾይግ» ይለዋል። ፈረንሳይኛ «ሸኒይ»፣ ሩሲያኛም «ጉሰኒጻ» ሲሉ አባጨጓሬ ማለታቸው ነው። ኢጣልያንኛ ደግሞ «ቺንጎሎ» ይላል፤ ከላቲኑ የመጣ ሲሆን መታጠቂያ ማለት ነው፤ ተሽከርካሪው «ሴሚቺንጎላቶ» ይባላል። አንዱ ሰንሰለት፣ ሁለቱ ትል፣ አንዱ ቀበቶ አየ። አማርኛ ሳይመካከር ከጀርመንኛው ጋር ተስማምቶ «ሰንሰለት» ብሏል። «አባጨጓሬ» ለስያሜ ይሆን እንደሆነ ከመካከላችን የጠየቀ ነበር። በ«አባ» የሚጀምር ስም ከአባ ዳኘውና ከመሰል የፈረስ ስሞች ጋር ስለሚገጥም ለጦር መሣሪያ አያንስም ይሆናል። ሆኖም አባጨጓሬ በአገራችን በመጀመሪያ የሚያስታውሰው አካሄዱን ሳይሆን ማሳከኩን ስለሆነ አሳቡን ትተነዋል።

«ሰንሰለት» ይበቃል ብለን ልናልፈው ስንል ግን አንድ ነገር አስቆመን። በሥራ ምክንያት ወደ ባሌ ወጥተን በነበረበት ወቅት የመመሪያውን ፎቶግራፎች ይዘን ነበር። የሲናና ሜዳ፣ ከሮቤ እስከ ጎባ መዳረሻ ያለው ማለት ነው፣ ስንዴና ገብስ በትራክተርና በኮምባይነር በስፋት ከሚመረትባቸው የአገራችን ደጋዎች አንዱ ስለሆነ፣ የመካኒኩ ቋንቋ ከብዙ ቦታ ይልቅ በዚያ ሕያው ነው። በሮቤ ከተማ በአንድ ጋራዥ ፎቶግራፎቹን ለሽማግሌ መካኒክ አሳየናቸው። በጋራዡ የነበሩት ወጣቶች አንዱ «ታንክ» ሲል ሌላው «ዶዘር» አለ፤ ሽማግሌው ግን ስለ ስሙ አልተጨነቁም። የኤም 3ን የኋላ እግር በጣታቸው እየተከተሉ ቆዩና፣ «ዶክተር፣ ይኼ እኮ ሰንሰለት አይደለም። ሰንሰለት ቢሆን ፒኑን መትቼ የተበላውን ቀለበት ብቻ አወጣለሁ። ይኼ ከተበጠሰ ተበጠሰ፤ ቀበቶ ነው» አሉን።

ትክክል ናቸው። የአሜሪካኖቹ ተሽከርካሪ እግር በብረት ገመድ ላይ የተቀረጸ፣ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው የጎማ ቀበቶ ነው፤ በውስጥ በኩል ከመሥመር እንዳይወጣ የሚመሩት የብረት ጥርሶች አሉት እንጂ በፒን የሚፈታ ቀለበት የለውም። የጀርመኖቹ ግን እውነተኛ ሰንሰለት ነው። የብረት ቀለበቶቹ በፒን የተያያዙ ናቸው፤ ፒኖቹም በቅባት በታሸገ ኩሽኔታ ውስጥ ይዞራሉ፤ በየቀለበቱ ላይ የጎማ ጫማ ተገጥሞለታል። ይህ ልዩነት የቃል ብቻ አይደለም። የጀርመኑን ሰንሰለት የሚጠግን ሰው ቀለበት በቀለበት፣ ኩሽኔታ በኩሽኔታ እየፈታ ይሠራል፤ የአሜሪካኑ ቀበቶ ጎማው ከደረቀና ከተሰነጠቀ መላው ቀበቶ ይለወጣል። «ሰንሰለቱን ፈትተህ የተበላውን ክፍል ለውጥ» ተብሎ በአማርኛ የተነገረው ሠራተኛ፣ በኤም 3 ሥር ተኝቶ የሌለ ፒን ሲፈልግ ይውላል። ጎማውን በመጋዝ ቢቆርጠውም የሚፈረድበት አይመስለንም፤ የታዘዘውን ነው የፈጸመው።

ስለሆነም ያቀረብነው አሳብ ይህ ነው። «ሰንሰለት» በጠቅላላ መጠሪያነቱ ይቆይ፤ በወታደሩም በገበሬውም አፍ ሥር ሰዶአልና ለመንቀል መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ወደ ክፍሎች ዝርዝር ሲወረድ ግን «ባለቀለበት ሰንሰለት» እና «ወጥ የጎማ ቀበቶ» ተብሎ ይለይ። «ወጥ» የሚለውን ቃል የመረጥነው ከወጥ ድንጋይ ስለ ተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ስንናገር የምናውቀው ስለሆነ ነው፤ መጋጠሚያ የሌለው፣ ከአንድ አካል የሆነ ማለትን ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይገልጻል።

የ«ግማሽ» ነገር ከዚህ የበለጠ አከራክሮናል። «ግማሽ ታንክ» ከላይ በተገለጸው ምክንያት ይወድቃል፤ ተሽከርካሪው የታንክ እኩሌታ አይደለም። «ግማሽ ሰንሰለት» በብዙዎች ዘንድ የመጀመሪያው ምርጫ ነበር። ነገር ግን ግማሽ እንጀራ ስንል እንጀራው ራሱ ጎድሎ ነው፤ እዚህ ሰንሰለቱ ምንም አልጎደለውም፤ በተሽከርካሪው እኩሌታ ላይ ብቻ መገጠሙ ነው ጉዳዩ። ከግእዝ «መንፈቀ ሰንሰለት» ተብሎ ቀርቧል። መንፈቀ ሌሊትና መንፈቀ ዓመት እንደምንል ማለት ነው። ድምፁ ያማረ ቢሆንም ያንኑ የትርጉም ጉድለት በክብር ልብስ ሸፍኖ ከማቅረብ አያልፍም። «ሰንሰለታማ» የሚለው በጂኦግራፊ ተይዟል፤ ከጎባ በላይ እስከ ሰነቴ አምባ የሚወጣውን የባሌን ተራሮች የሚያውቅ ሰው «ከፊል ሰንሰለታማ» ሲባል ስለ ተራራ እንጂ ስለ መኪና አያስብም። «እግረ ሰንሰለት» ደግሞ ሌላ መዘዝ አለበት። በአማርኛ ሰንሰለትና እግር በአንድ ስም ሲገናኙ እስረኛ ነው የሚታየው፤ እግር ብረትን ማስታወስ ይበቃል። «ካቴና» የሚለው የኢጣልያንኛ ቃልም በአገሩ ማናቸውንም ሰንሰለት የሚያመለክት ሲሆን፣ ወደኛ ሲመጣ የእጅ እስራት ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ቋንቋችን በሰንሰለት ነገር ትዝታው መልካም አይደለም።

«ኋለ ሰንሰለት» ከሁሉም ይልቅ ትክክለኛውን ነገር ይናገራል፤ ሰንሰለቱ ያለው ከኋላ ነውና። ይህንን ጽሑፍ ከምናዘጋጀው መካከል እስከ መጨረሻው የተሟገተለት አለ። ችግሩ አማርኛ አንባቢ «ኋላ» ከሚለው ቃል ጋር የተቀናጀ ቅጽል ሲያይ «ኋላ ቀር»ን አብሮ መስማቱ ነው።

በመጨረሻ የተስማማንበት «ከፊል ባለሰንሰለት» ነው። «ከፊል» ከሕዝብ ጆሮ ጋር የተለማመደ ቃል ነው፤ ራዲዮ «ከፊል ደመናማ» ይላል፤ በባሌ ቆላ ያለውን አኗኗር ስንገልጽ «ከፊል አርብቶ አደር» እንላለን። ከፊል አርብቶ አደር ማለት ከከብቶቹ እኩሌታው የጎደለበት ማለት ሳይሆን፣ ኑሮው በከፊል በከብት በከፊል በእርሻ የሆነ ማለት ነው። ከፊል ባለሰንሰለትም እንዲሁ፣ አካሄዱ በከፊል በሰንሰለት በከፊል በጎማ የሆነ ነው። ከዚህም ሌላ ስያሜው ብቻውን አይቆምም፤ ባለጎማ፣ ከፊል ባለሰንሰለት፣ ሙሉ ባለሰንሰለት ተብሎ አንድ ረድፍ ይሠራል። ብረት መልበስ አለመልበሱ በሌላ ቃል ይጨመርበታል።

አሁን ወደ ክፍሎቹ እንመለስ። ዓይነትን የመለየቱ ሥራ የሚያርፈው በነዚህ ላይ ነውና። ኤም 3 እና ኤም 5 ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ልዩነታቸው የሚታወቀው በቅርብ ነው። በኤም 3 የጎን ብረቶቹ በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ የኋላ ማእዘኖቹም ቀጥ ብለው የተገናኙ ናቸው። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የሠራው ኤም 5 ብረቱ የተበየደ ነው፤ የኋላ ማእዘኖቹም ብረቱ ታጥፎ ክብ ሆነዋል። የፊት ፓራፋንጎ በኤም 3 እንደ ቤት መኪና ጎበጥ ያለ ሲሆን በኤም 5 ጠፍጣፋ ነው። ሞተሮቻቸውም የተለያዩ ናቸው። የብረቱ ውፍረትና ጠባይ ልዩነት አለው፤ የኤም 3 6 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ፊቱ የጠነከረ፣ የኤም 5 8 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት። ለእርማት የቀረበልን ረቂቅ ግን «በብሎን የታሰረ» እና «የተበየደ» የሚሉትን ሁለቱንም «የተያያዘ» በሚል አንድ ቃል ተርጒሞአቸዋል። በዚህ አንድ ቃል ምክንያት ሁለት ፋብሪካዎች አንድ ሆነዋል። መመሪያውን ተከትሎ መለዋወጫ የሚያዝ ሰው የሌላውን ፋብሪካ ዕቃ ቢቀበል ምን ይደነቃል? አማርኛ ደግሞ በዚህ ረገድ ድሀ አይደለም፤ ብየዳ፣ እስር፣ ሽብለቃ እያለ ማንኛውም የብረታ ብረት ሠራተኛ ለይቶ ይናገራል። የጎደለው ቃል ሳይሆን ሠራተኛውን መጠየቅ ነው።

የ«ስፕሪንግ» ነገርም ተመሳሳይ ነው። ረቂቁ የእንግሊዝኛውን ቃል እንዳለ በየቦታው አስገብቶታል። ጋራዦቻችን ግን ከኢጣልያንኛ ሁለት ቃላት ወርሰው በጥንቃቄ ለይተው ይጠቀሙባቸዋል፤ ተደራራቢው ጠፍጣፋ ብረት ባሌስትራ፣ ተጠምጣሚው ሞላ ነው። ኤም 3 ከፊት በባሌስትራ፣ ከኋላ በሰንሰለቱ ውስጥ በሞላ ላይ ይቀመጣል። በዚህ ቦታ የጋራዡ አማርኛ ከእንግሊዝኛው የበለጠ የጠራ ሆኖ ሳለ «ስፕሪንግ» ብሎ መጻፍ ያለንን ጥሎ የሌላውን መበደር ነው። ባዕድ ቃል ሁሉ ይውጣ የሚሉ ወገኖች ባሌስትራና ሞላም ባዕዳን መሆናቸውን እንደሚያነሡ እናውቃለን። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ነገር ግን ከሠማንያ ዓመት በላይ በእጅ ሥራ ተፈትኖ የቆየን ቃል አውጥቶ፣ ከጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ በተፈጠረ ቃል መተካት ለማንም አይበጅም።

በአንጻሩ ቃል በቃል መተርጐም የሚያስከትለውን ስሕተት የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ከሰንሰለቱ ጫፎች በአንደኛው በኩል ጥርስ ያለው፣ ኃይል ከሞተር ተቀብሎ ሰንሰለቱን የሚጐትት መዘውር አለ። በሌላው ጫፍ ያለው መዘውር ከሞተር ኃይል ስለማይቀበል እንግሊዝኛው በስንፍና ስም ይጠራዋል። ረቂቁም «ሥራ ፈት ጎማ» ብሎታል። የሲናናውን ሽማግሌ መካኒክ ስለዚሁ ክፍል ብንጠይቃቸው፣ «እሱ ከላላ ሰንሰለቱ ሁሉ ይወልቃል፤ እንዴት ሥራ ፈት ይባላል?» ሲሉ ሣቁ። ሥራው ሰንሰለቱን ወጥሮ መያዝ ስለሆነ «ወጣሪ መዘውር» ብለነዋል፤ ሸማኔውም ከበሮ ሠሪውም «ወጠረ» የሚለውን ግሥ በዚሁ ትርጉም ያውቁታል። የመጀመሪያው «ጐታች መዘውር» ይሁን። በሁለቱ መካከል ክብደቱን ተሸክመው መሬት ላይ የሚሽከረከሩት «ተሸካሚ ጎማዎች»፣ የላይኛውን የሰንሰለት ክፍል እንዳይረግብ የሚይዘው «ደጋፊ» ይባሉ። በጀርመኖቹ ተሽከርካሪ ተሸካሚ ጎማዎቹ ብዙና እርስ በርስ የተጠላለፉ ናቸው። በአሜሪካኖቹ ግን ትንንሽ ሆነው ጥንድ ጥንድ በአንድ አቃፊ ላይ ተሰካክተዋል። ሰው ተሽከርካሪው የማን እንደሆነ ከሩቅ የሚያውቀው በዚህ ነው።

ስለ መታወቂያ ቊጥሮች ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ በሊብሬ ላይ የሚጻፉት የሻንሲ ቊጥርና የሞተር ቊጥር ለማንም የታወቁ ናቸው። ማስገንዘብ የሚገባን ግን የጦር ተሽከርካሪዎች በአገልግሎት ዘመናቸው ሞተራቸው ስለሚለወጥ፣ አካላቸውም ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ስለሚቀየር፣ የሁለቱ ቊጥሮች አለመስማማት ብቻውን የማጭበርበር ማስረጃ አለመሆኑን ነው። ተርጓሚው «ሐሰተኛ ቊጥር» ያለው ቦታ «የማይዛመድ ቊጥር» መባል ነበረበት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የመመሪያው ሁለተኛ ክፍል ስያሜ ነው። ዛገ፣ ተሰበረ፣ ተጣለ የተባለውን ተሽከርካሪ ወደ ጥንቱ መመለስን በአማርኛ ምን እንበለው? «ጥገና» የተሰበረው እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ በምን ዕቃ እንደ ተጠገነ አይጠይቅም። ተሽከርካሪውን በአይሱዙ ሞተር ማንቀሳቀስም ጥገና ነው። «እድሳት» ከ«አደሰ» የመጣ ስለሆነ አዲስ ማድረግን ይናገራል፤ ዋናው ዓላማ ግን አዲስ ማድረግ ሳይሆን አሮጌውን አሮጌ ሆኖ ማቆየት ነው። በአሮጌ አብያተ ክርስቲያናት ላይ «እድሳት» በሚል ስም ጥንታዊ ሥዕል በዘይት ቀለም ሲሸፈን ያዩ ሰዎች ቃሉ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ይረዱናል።

በቼኮዝሎቫኪያ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራው ኦቴ 810 የተባለው ተሽከርካሪ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። በጀርመኖቹ 251 አምሳል የተሠራ ሲሆን በኋላ በአየር የሚቀዘቅዝ የታትራ ናፍጣ ሞተር፣ ከላይም የብረት ክዳን ተደረገለት። ወታደሮቹ ስላልወደዱት «የሂትለር በቀል» ብለው ቀልደውበታል። ዛሬ ብዙ ሰብሳቢዎችና የፊልም ሠሪዎች ክዳኑን ቈርጠው፣ ቀለሙን ለውጠው 251 ያስመስሉታል። በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ይህም አንዳንድ ጊዜ ከእውነተኛው ሥራ ጋር በአንድ ስም ይጠራል። በአማርኛ ግን ይህ «ማስመሰል» ነው፤ ቃሉም አለን። እውነተኛውን ሥራ «ወደ ነባር ይዞታ መመለስ» እንድንለው አሳብ አቅርበናል። በአንድ ቃል ይታጠር የሚል አስተያየት ተሰጥቶ «ነባር ምልሰት» ተብሎ ተሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን «ምልሰት» በሥነ ጽሑፍ ሒስ ዘንድ ለትረካ ስልት ተወስዷል። እያንዳንዱ ጽንሰ አሳብ አንድ ቃል ይገባዋል የሚለው አስተያየት የኛ አይደለም፤ ሦስት ቃል በትክክል ከተናገረ ሦስቱም ይኑሩ።

አንድ ነገር ጨምረን እናቁም። ሲናና የኦሮምኛ አገር ስለሆነ፣ ከመካኒኮቹ ጋር የተነጋገርነው በሁለቱ ቋንቋዎች ነበር። የአማርኛው «ተሽከርካሪ» ከመሽከርከር፣ የኦሮምኛው «ኮንኮላታ»ም ከመንከባለል የወጡ መሆናቸውን በዚያ ስንነጋገር ነው ያስተዋልነው። ሁለቱ ቋንቋዎች መኪናን የሰየሙት በአንድ አስተሳሰብ ነው። ስለዚህ ከላይ ያቀረብነውን ረድፍ፣ ባለጎማውን፣ ከፊል ባለሰንሰለቱንና ሙሉ ባለሰንሰለቱን፣ ወደ ኦሮምኛ ለማሻገር እንደማይከብድ በዚያ የነበሩ ተናጋሪዎች ነግረውናል። ጥንድ ተሸካሚ ጎማዎችን የሚያቅፈውን ክፍል ግን ምን እንደምንለው ገና አልቆረጥንም። ከጋራዡ ወጣቶች አንዱ ፎቶግራፉን አይቶ «ይቺ ጋሪዋ ናት» ብሎን ነበር። «ጋሪ»ን ከጥያቄ ምልክት ጋር በዝርዝሩ ላይ አስፍረነዋል፤ ከዚህ የተሻለ ቃል በሥራ ላይ የሰማ አንባቢ ቢጽፍልን እንቀበላለን።